የአጣቢዋ ልጅ ትንፋሽ

እህቴ የሐሞት ጠጠር አስወጥታ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን ቀን ቀን አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አልጋዋ መስኮት ሥር ነው። መስኮቱ ደግሞ የሚያሳየው የጀርባውን ግቢ፣ ማለትም የልብስ ማጠቢያውን ክፍል፣ የተወጠሩትን ገመዶችና አንዲት የውሃ ቧንቧ ብቻ ነበር። ይዤው የሄድኩትን መጽሐፍ በሁለት ቀን ስለጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ግቢውን ሳነብ ዋልኩ።

ከቧንቧው ሥር አንዲት ልጅ እግር አስታማሚ የሕፃን ሸሚዝ ታጥባለች። ሳሙና የላትም። ታሸዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ቀና ብላ ሰማይ ታያለች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ከማጠቢያው ክፍል የጎማ ሽርጥ ያደረገች ቀጭን ሴት ብቅ አለችና፣ አንድ ቃል ሳትናገር ሸሚዙን ከልጅቱ እጅ ነጥቃ ገባች። ልጅቱ ክው ብላ ቀረች። እኔም "ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!" አልኩ በልቤ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሴትዮዋ ተመለሰች። ሸሚዙ ደርቋል፣ ተጣጥፏል። ልትሰጣት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ ጉንጯ ላይ አስደግፋ ሙቀቱን ለካች፤ እፍ እፍ አለችበትና እንደገና ለካች። ሕፃን የማያቃጥል መሆኑን ስታረጋግጥ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ልገዛ ስወርድ ማጠቢያው በራፍ ላይ አገኘኋት።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ። ከላይ ሆኜ አይቼሻለሁ" አልኳት።

ደነገጠች። "ለአለቃው እንዳይነግሩብኝ፣ እትዬ። የውጭ ሰው ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው።"

ከኋላዋ አንሶላ የምታጥፍ ወፍራም ሴት ከት ብላ ሳቀች። "አትፍሪ፣ በረኪና! እኚህ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይመስሉሻል? የጫማቸውን ተረከዝ አታዪውም?"

እውነቷን ነው፤ ተረከዜ አልቆ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። የተዋወቅነው በዚህ ነው። ስሟን እዚያ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም "በረኪና" ናት። ነጭ ልብስ እንደ እሷ የሚያነጣ ስለሌለ ያወጡላት ስም ነው፤ ያኔ ስትጠራበት ደስ ይላት ነበር።

ቤቷን ስትነግረኝ የማን ምራት እንደሆነች ገባኝ። አማቷን አውቃቸዋለሁ። ጸሎት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መዝሙር ሲጀመር እንባቸው ዜማውን ይቀድማል፤ ሰው ታመመ ሲባል ፊተኛ ሆነው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ያ እንባ የውሸት ነበር አልልም። ከዚህ በታች የማወራውን ግማሹን ከእሳቸው፣ ግማሹን ከምራታቸው ሰምቼዋለሁ፤ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

አጣቢዋ እናት አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ አክስቷ ቤት ያደገች ናት። ማጠቢያው ክፍል የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራውን ያስለመዳት አለቃው ነው። ደም ያለበት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ነጩ ከባለ ቀለሙ ይለያል፤ ከሰማያዊው ጀሪካን አንድ ኩባያ በረኪና ለአንድ ሙሉ ማሽን ይጨመራል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። አለቃው ጠዋት ጠዋት ይደጋግመዋል፦ "ካልሸተተ አልታጠበም!" ዋናዋ ነርስ ለቁጥጥር ስትመጣ አንሶላውን አታገላብጥም፤ አንስታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። የበረኪናው ሽታ ካለ ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች፤ ከሌለ ክምሩ በሙሉ ይመለሳል። እነሱ ዘንድ ንጽሕና የሚታይ ሳይሆን የሚሸተት ነገር ነው።

ባሏ ሴራሚክ ያነጥፋል። ወለል ሲሠራ አንዲት ሚሊሜትር አይስትም፤ በእናቱና በሚስቱ መካከል ሲቆም ግን ውሃ ልኩ ይጠፋበታል። የሚኖሩት በእናቱ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ልጅ አልወለዱም። በነዚያ ስድስት ዓመታት አማትየው ያላሉት የለም። አንድ ቀን እንግዳ ፊት፣ "የኔ ምራት ሆድ አንሶላ እንጂ ልጅ አያወጣም" ብለው አሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። "ምን ላድርግ፣ እትዬ? ካልሳቅኩ ማልቀሴ ነው" አለችኝ ስትነግረኝ።

በሰባተኛው ዓመት እግዚአብሔር ወንድ ልጅ ሰጣት። አማትየው ሕፃኑን ከታቀፉባት ሰዓት ጀምሮ "የልጄ ልጅ" ይላሉ እንጂ "ልጅሽ" ብለው አያውቁም። አራት ወር ሲሞላው እናቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ቀን ቀን እሳቸው ይይዙታል።

በአምስት ወሩ ጉንፋን ያዘውና መሳል ጀመረ። የመጀመሪያዋን ሳል የሰሙት እናቱ ከሥራ ገብታ ጡት ልትሰጠው ስትቀመጥ ነው።

"ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ ገባሽ?" አሉ አማትየው።

"ምንም አልያዝኩም፣ እማማ።"

"ምንም! የሳንባ በሽተኛ ትራስ ስታገላብጪ ውለሽ፣ የሬሳ አንሶላ ስትጨምቂ ውለሽ፣ በዚያው እጅሽ ጡት ታወጪለታለሽ። ታዲያ ይሄ ልጅ ካልሳለ ማን ይሳል? እኔ ልሳልልሽ?"

ባልየው ጉልበቱን እያሻሸ፣ "እማዬ፣ ተይ እንጂ" አለ።

"አንተ ዝም በል! ወለል እንጂ ሚስት ማስተካከል አታውቅም።"

ክፉው ነገር ስድቡ አይደለም። ክፉው ነገር እሷ ስድቡን ማመኗ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ የሥራ ልብሷን እዚያው እየቀየረች መውጣት ጀመረች። ቀጥላ እጇን እስከ ክርኗ በረኪና ውስጥ ነክራ ትታጠብ ጀመር፤ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ፣ በጣቶቿ መካከል ደማ። ሳሉ ግን አልቆመም። እንግዲህ ቤቱም ሊጠራ ይገባዋል ብላ ከሰማያዊው ጀሪካን በውሃ ጠርሙስ ቀድታ ወደ ቤት መውሰድ ጀመረች። አለቃው እያየ እንዳላየ አለፋት።

እዚህ ላይ ነው አንድ አጣቢ ብቻ ልትሠራው የምትችለው ስሕተት የተሠራው። በሱቅ የሚሸጠውን በረኪና የምትጠቀም ሴት ሽታው ሲከብዳት ታቆማለች። የዚህችኛዋ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሽታ ውስጥ የኖረ አፍንጫዋ ሞቷል። ማጠቢያው ክፍል ለአንድ ትልቅ ማሽን የሚጨመረውን አንድ ኩባያ እሷ ለአንድ ባልዲ ታደርገዋለች፤ የልጄ ሕመም ከአንሶላ እድፍ ይብሳል ብላ። እዚያ ሁለት ሰፋፊ በሮችና ጣሪያ ላይ የሚዞር ማራገቢያ አሉ፤ እዚህ ያለችው አንዲት መስኮት ናት፣ እሷንም አማትየው "ብርድ ነው የሚገድለው" ብለው በጨርቅ ወትፈዋታል። እዚያ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ እዚህ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንዴ ብቻ። ወለሉን፣ አልጋውን፣ የሽንት ጨርቁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሕፃኑ የሚያኝካትን የጨርቅ ጥንቸል ሳይቀር በረኪና አጠጣቻቸው።

አማትየው በጣም ደስ አላቸው። "አሁን ገና የሰው ቤት ሸተተ!" እያሉ ጎረቤት ጠርተው አስሸተቱ። አግዳሚያችን ላይም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ምራቴ አሁን ገና ሰው ሆነችልኝ፣ እህቴ። ቤቱን ብታዪው ሆስፒታል ነው" አሉኝ።

"ተመስገን" አልኳቸው። ምን እንደሚመሰገን ሳላውቅ።

ሳሉ እየደረቀ ሄዶ ፉጨት ጨመረበት። ሕፃኑ ጡት ይይዝና ሁለቴ ስቦ ይለቃል፤ አየር ይፈልጋል፤ እንደገና ይይዛል፤ እንደገና ይለቃል። ርቦት ያለቅሳል፣ ለማልቀስም ትንፋሹ አይበቃውም። አማትየው ጎረቤት የተረፈ የሳል ሽሮፕ ለምነው በማንኪያ ጋቱት፤ አስመለሰው። እናቱ ግን አንድ ነገር ልብ ብላለች። ግቢ ይዛው ስትወጣ ይሻለዋል። አፍንጫው መርገብገቡን ይተዋል፣ ይስቅላታል። ወደ ክፍሉ ሲመለስ ይብስበታል።

"ታዲያ ያኔ አልገባሽም?" አልኳት።

"ገብቶኛል ብዬ ነበር" አለች። "ቤቱ ገና አልጠራም አልኩ። በቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረግኩት።"

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለች ልቧ አላርፍ አላትና የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደ ቤት ሮጠች። ሕፃኑ አማትየው ጭን ላይ ነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሆዱ ለብቻው ይዘላል።

"አሁን ገና ተኛልኝ፣ አትቀስቅሺው" አሉ አማትየው።

ከነሽርጧ ይዛው ሮጠች። አማትየው ከኋላዋ "የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!" እያሉ ተከተሏት።

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ምንም አልጠየቀችም። ሸሚዙን ገልባ አንድ ዓይኗን ሆዱ ላይ፣ አንድ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እናቲቱ "እባክሽ፣ ሲስተር፣ አንድ ነገር አድርጊ!" እያለች ስትጮህ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። ደቂቃው ሲሞላ፣ "ሰባ ሁለት" አለች።

"ምኑ ነው ሰባ ሁለት?"

"ትንፋሹ። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ ሃምሳ ከደረሰ ፈጥኗል እንላለን። የልጅሽን ትንፋሽ ቆጥረሽ አታውቂም?"

"እኔ የማውቀው አንሶላ መቁጠር ነው።"

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ይሄ ልጅ ምን ውስጥ ነው የሚተኛው?"

አጣቢዋ ወገቧን ቀና አደረገች። "ንጹሕ ነው፣ ሲስተር። እኔ ራሴ ነኝ የማጥብለት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በደህናው በረኪና!" አለች በኩራት። ያን ኩራቷን ስታስታውስ አሁንም ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች።

ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደረገለት። በማግስቱ ሐኪሙ መጣ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ ስድስት በሽተኛ ሕፃን፣ ስድስት አስታማሚ፣ አማትየው፣ ባልየው፣ ሁሉም ይሰማሉ። ሐኪሙ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

"ሕመሙን ያመጣው ጉንፋን ነው። ጉንፋን ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም" አለ። "ለዚህ ያደረሰው ግን ይህ የበረኪና እንፋሎት ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሕፃን ሳንባ ይለበልባል። መስኮቱ ክፍት ቢሆን እንኳ ይህን ያህል ባልጎዳው። ማን ነው እንዲህ ሲያደርግ የነበረው?"

የአማትየው ጣት ከአፋቸው ቀደመ። "ይቺ ናት፣ ዶክተር! አልኳት አልኳት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ!"

"መስኮቱንስ ማን ነው የዘጋው?"

ባልየው አንገቱን ደፍቶ የክፍሉን ሴራሚክ መጋጠሚያ ያያል። አጣቢዋም አማቷን አልጠቆመችም። "እሳቸውን ባጋልጥ ከልጄ ሳንባ ውስጥ ምን ይወጣልኛል?" አለችኝ። ሐኪሙን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ይተርፋል?"

"እናያለን።"

ሐኪሙ ከተናገረው ውስጥ አማትየው ይዘው የወጡት ግማሹን ብቻ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ጸሎት ቤት ስንገናኝ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ እናት ልጇን መረዘችው ተብሏል። እኔም እንደ ሌላው "ወይኔ! ወይኔ!" አልኩ። ሄጄ እናትዬዋን ሳልጠይቅ ሦስት ቀን አለፈኝ።

ስደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የልጇን ደረት ታያለች። የምትጸልይ መስሎኝ ጠበቅኳት። ስትጨርስ "ሃምሳ ስምንት" አለች። ነርሷ አስተምራታለች። የአንሶላ ምልክት በሚጻፍበት ቀለም መዳፏ ላይ የየቀኑን ቁጥር ጽፋለች፦ ሰባ ሁለት፣ ሰባ፣ ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ፣ ሃምሳ ስምንት። በስምንተኛው ቀን ቁጥሩ አርባ ሁለት ደረሰ። የዚያን ዕለት አብረን አለቀስን። እኔ እግዚአብሔር ጸሎት እንደሚሰማ ሳላውቅ ያደርኩበት ቀን የለም፤ ያን ቀን ግን መዳፍ ላይ ተጽፎ አየሁት።

ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ ባልየው የላስቲክ ከረጢት ይዞ እዚያው በሩ ላይ ቆሟል። አጣቢዋ የልጁ ልብስ መስሏት ነበር። አማትየው ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰዱት።

"ልጇን የመረዘች ሴት ተሸክማው ከደጄ አትገባም" አሉ።

ባልየው ከረጢቱን ዘረጋላት። የራሷ ልብሶች ናቸው። አስቀድሞ ተጣጥፈው አልቀዋል።

"ትንሽ ቀን ነው" አላት ዓይኗን ሳያይ። "እስክትረጋጋ ነው።"

"ማን? እኔ ነኝ ያልተረጋጋሁት?"

"እስክትረጋጋ" አለ እንደገና፤ ማን እንደምትረጋጋ ሳይናገር።

ወፍራሟ አጣፊ ቤቷ ወሰደቻት። አጣቢዋም አለቃውን ለምና ከማጠቢያው ወደ ማጠፊያው ተዛወረች፤ በረኪና ካጠገቧ እንዳይደርስ። አለቃው "በረኪናን ከበረኪና ለየናት!" ብሎ ቀለደባት እንጂ አልከለከላትም። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አማቷ በር ላይ መቆም ሆነ ሥራዋ።

አማትየው ወጥተው እጇን አንስተው ያሸታሉ። እንደ ዋናዋ ነርስ፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው። "ገና ትሸቻለሽ" ይሏትና በሩን ይዘጋሉ። በማግስቱም "ገና ነሽ።" በሳሙና ፈተገችው፣ በአሸዋ አሸችው፣ በትኩስ ውሃ ዘፈዘፈችው። "ገና።" የሰፈሩ ልጆች ለመዱትና ስትታይ "በረኪና መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ!" እያሉ ይበታተናሉ። የሚያቆማቸው ትልቅ ሰው አልነበረም።

ጡቷን በጠርሙስ እያለበች በባሏ በኩል ትልክ ነበር። ያን ጠርሙስ በዓይኔ አየሁት። ሕፃኑን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ነው። አማትየው ከልጃቸው እጅ ተቀብለው፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ግቢው ጥግ ካለው ውሃ መውረጃ ላይ ደፉት።

"እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ጡቷን አልከለከለም" አልኳቸው።

"ከመርዝ ጋን ምን ይቀዳል? አንቺ ደግሞ ሁለት መጽሐፍ ስላነበብሽ ሐኪም ሆንሽብኝ?"

ባልየው ባዶውን ጠርሙስ አለቅልቆ ለነገ አስቀመጠው። ነገም እንደሚደፋ እያወቀ።

የዚያን ዕለት ማታ ለአጣቢዋ አልነገርኳትም። ለምን ብዬ ነው የምነግራት? ያለበችውን የጠጣው እየመሰላት ደስ ብሏት ትደር ብዬ ነው። በማግስቱ ግን እሷ ራሷ መጣችብኝ፤ ቤቴ በራፍ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

"ያሽቱኝ፣ እትዬ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"የኔ አፍንጫ ሞቷል፤ ልሽተት አልሽተት በምን አውቃለሁ? ሰው ሁሉ ይሸሸኛል። እውነት ከሆነ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄን ሁለተኛ አልገድልም።"

አሸተትኳት። ሳሙና ሸተተኝ፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ደረቷ ላይ ፈስሶ የደረቀ ወተት።

"ወተት ወተት ነው የምትሸቺው" አልኳት።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ሽርጧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ከዚህ በኋላ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። አማትየውን አግዳሚያችን ላይ አነጋገርኳቸው፤ መስኮቱንም አነሳሁባቸው። መዝሙሩ ሳያልቅ ተነስተው ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። በአራተኛው ሳምንት ግን በር ላይ ቀርበው፣ "እህቴ፣ ቂም አልይዝም፤ ቅዳሜ ብቅ በይ፣ ሻይ እንጠጣ" አሉኝ። የሰው ልብ እንዲህም ነው፤ ለእኔ የሚከፈት በር ለእሷ ይዘጋል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ እሳቸው ስሄድ አጣቢዋ መታጠፊያው ላይ፣ ከግቢያቸው አጥር ኋላ ቆማ አገኘኋት። ግድግዳውን ተደግፋለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ይስላል" አለችኝ ሰላም ሳትለኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። አሁን ደግሞ ፉጨቱ ተመልሷል። ይስሙ።"

ጆሮዬን ጣልኩ። የመኪና ድምፅና የሆነ ቤት የተከፈተ ራዲዮ እንጂ ሌላ አልሰማሁም።

"ባልሽስ?"

"ትንሽ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል አለኝ። እሳቸው ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዶ ነው የባሰበት ብለዋል። አይወስዱትም፣ እትዬ።"

"ለሽማግሌ ወይም ለሕግ ሰው እንናገር።"

"ሽማግሌ ሰኞ ይላል፣ ሕግ ቀጠሮ ይሰጣል። እሱ ግን አሁን ነው የሚተነፍሰው።"

"ታዲያ ለምን ገብተሽ አትወስጂውም? ልጅሽ እኮ ነው!"

ራሷን ነቀነቀች። "ያለፈው ሳምንት በሩን ደበደብኩ። እሳቸው ወጥተው ምን አሉ መሰለዎት? አንድ ጊዜ ደግመሽ እዚህ ከጮህሽ ሩቅ አገር ያለችው ልጄ ጋ እልከዋለሁ፣ ያኔ ትንፋሹን አይደለም መልኩንም አታገኚም አሉኝ። ያደርጉታል። ባሌም አይከለክላቸውም። ይህን በር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሰብረው። በከንቱ ከሰበርኩት ልጄን ለዘለዓለም ነው የማጣው። ሳልሰብር ቀርቼ ደግሞ..."

እጄን ያዘች፤ የእጅ ሰዓቴን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"የሰከንዱ መቁጠሪያ ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"እንግዲህ ልለምንዎት። ዛሬ ይገባሉ አይደል? ከሕፃኑ አጠገብ ይቀመጡ። ሲተኛ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ገለብ ያድርጉት። ሆዱ ወጣ ብሎ ሲገባ አንድ ነው። ሲያለቅስ እንዳይቆጥሩ፣ ሲጠባም እንዳይቆጥሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥረው እጥፍ እንዳያደርጉት፣ ሙሉውን ነው የሚቆጠረው። የጎድን አጥንቱ ሥር የሚሰረጉድ ከሆነ ግን አይቁጠሩ፤ ሮጠው ይውጡ።"

"እሺ። እየጸለይኩ እቆጥራለሁ" አልኳት።

"አይ፣ እትዬ፤ ቁጥሩ ይሳሳትብዎታል። ጸሎቱን እኔ እዚህ ሆኜ አደርስልዎታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ቆጥረው ይምጡልኝ። ከሃምሳ በታች ከሆነ ሄጄ ሥራዬ ላይ እገባለሁ። እነሱ ሻዩን ቶሎ ካፈሉ ይጠጡላቸው፤ እንዳይጠረጥሩ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።"